ጢስ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም



ስለ ቤት ንጽሕና ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ውሃ፣ ስለ ዝንብና ስለ ቆሻሻ ነው። የቤቱ አየርና የቤቱ እሳት ግን ይረሳሉ። ዛሬ የምንማማረው ስለዚሁ ስለ ተረሳው ነገር፣ ይልቁንም ቤተሰብ ከተኛ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚቀረው እሳትና ጢስ ነው።

ቀን ቀን እሳት ጠባቂ አያጣም። እናት እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ ከምጣዱ ሥር አይርቅም። ሕፃን ወደ ምድጃው ቢጠጋ «ተው! ያቃጥልሃል!» የሚል ሰው አይጠፋም። ሌሊት ግን ጠባቂው ሁሉ ይተኛል፤ እሳቱ ሳይተኛ ይቀራል።

ብዙዎች «እሳት ቢነሣ ጢሱ ይሸተኛል፤ ያን ጊዜ እነቃለሁ» ብለው ተማምነው ይተኛሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። ሰው ሲተኛ ጆሮው በመጠኑ ይሰማል፤ እናት ሕፃኗ ባለቀሰ ጊዜ የምትነቃው ስለዚህ ነው። አፍንጫ ግን ለዚህ አይታመንም፤ የጢስ ጠረን የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ሊያልፍ ይችላል። እንዲያውም በጢስ ውስጥ የሚያደነዝዝ መርዝ ስላለ፣ የተኛውን የባሰ ያስተኛዋል። በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጢሱ ነው።

እንግዲህ ጢስ ራሱ ካልቀሰቀሰን፣ ሌላ ጠባቂ ያስፈልገናል ማለት ነው። ጠባቂውም ዘወትር የሚሠራና የሚታመን መሆን አለበት።

ጢስ የሌለው መርዝ

«እሳት በሌለበት ጢስ አይታይም» ይባላል። ነገር ግን ጢሱ ሳይታይ የሚገድል እሳትም አለ፤ እርሱም የከሰል ፍም ነው።

እንጨት፣ ኩበት ወይም ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ጠረንም የለውም፤ እንደ እንጨት ጢስ ዓይን አያስለቅስም፤ አያስልም። ደማችን ከሳምባ ኦክሲጅን የሚባለውን ንጹሕ አየር ተሸክሞ ወደ አንጎልና ወደ ልብ ያደርሳል። መርዙ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ከደም ጋር ይጣበቃል። ደምን እንደ ጭነት አህያ አድርገን እናስበው፤ መርዙ ቀድሞ ከተጫነበት ለኦክሲጅን የሚተርፍ ቦታ የለውም።

አንዳንድ እናቶች «ከሰሉ እኮ ፍም ሆኗል፤ ጢሱ ወጥቶለታል» እያሉ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባሉ። ይህን የሚያደርጉት ለክፉ አይደለም፤ በሐምሌ ብርድ ወይም በኅዳር ውርጭ ልጆቻቸውን ለማሞቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የአራስ ቤት ነው። አራሷን ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩና መስኮቱ ይዘጋል፤ ማንደጃው በአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል። እናቲቱና የተወለደው ሕፃን አብረው ያንን አየር ይተነፍሳሉ። አራስን የሚያሞቃት ልብስ፣ ትኩስ ምግብና የሞቀ መጠጥ ነው። የነደደ ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከቶ አያድር።

መርዙ ሰውን ሲይዝ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ቢሻላቸው፣ «ምች መታን» ከማለት በፊት ማንደጃውን እንጠርጥር።

በዚህ መርዝ የታፈነ ሰው ሲገኝ እንዲህ እናድርግ፤

1ኛ፤ ከውጭ ንጹሕ አየር በደንብ ስበን ገብተን በሩንና መስኮቱን እንክፈት፤ በቤቱም ውስጥ አንቆይ።

2ኛ፤ ታማሚውን ፈጥነን ወደ ውጭ እናውጣው።

3ኛ፤ ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ እናስተኛው፤ በአንገቱና በወገቡ የጠበቀውን ልብስ እናላላለት።

4ኛ፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አንጨምር፤ ወደ ሳምባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል።

5ኛ፤ የተሻለው ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ነፍሰ ጡር ከሆነች በተለይ ቸል አትባል፤ መርዙ ከእናቲቱ ይልቅ በማኅፀን ያለውን ልጅ ሊጎዳ ይችላልና።

በጣራ ላይ የሚሰቀል ጠባቂ

የጢስን ጠባይ ያወቁ ሰዎች የማይተኛ ጠባቂ ሠርተዋል። ይህም የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ ብዙ ሰው ፋየር አላርም ይለዋል። መጠኑ የእጅ መዳፍ ያህላል። ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ደወሉ የሚሰቀለው ከቤቱ ጣራ ሥር ነው። ጢስ ሲደርስበት እጅግ ከፍ ባለ ድምፅ ይጮኻል። ለአፍንጫ ያልተሰማውን ለጆሮ ያሰማል ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራው ደወል ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ በየቤቱ እየተለመደ መጥቷል።

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ዛሬ ብዙ የገጠር ቤተሰብ በከተማ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ልጅ አለው። ልጇን ለማረስ ወደ ውጭ አገር የምትሄድ እናትም ይህን ደወል ከራስጌዋ በላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለች። ደግሞም ከደወሉ ታሪክ ለገዛ ቤታችን የሚሆን ትልቅ ትምህርት እናገኛለን።

ትምህርቱም ይህ ነው። በአሜሪካ ከ2014 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) በቤት ቃጠሎ ከሞቱት ከ5ቱ 3ቱ ገደማ የሞቱት ደወል በሌለበት ወይም ደወሉ ባልሠራበት ቤት ነው። ደወሉ ተሰቅሎ ሳለ ያልጮኸበት ዋናው ምክንያት ባትሪው ተነቅሎ ወይም አልቆ መገኘቱ ነው። ጠባቂው በስፍራው ነበረ፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው አጣ።

ባትሪው ለምን ይነቀላል? ያገራችን ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ደወሉ ይጮኻል። እንግዳ ይደነግጣል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ጎረቤት ይቆጣል። አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ያወጣል፤ ወይም በፌስታል ይሸፍነዋል። «ማታ እመልሰዋለሁ» ይላል። ማታ ይረሳል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ከተሰቀለው ደወል በታች ተማምኖ ይተኛል፤ ደወሉ ግን ሞቷል። የሞተ ጠባቂ ጠባቂ ከማጣት ይከፋል፤ ሰው ተማምኖበት ይዘናጋልና።

ስለዚህ ደወል ያለው ቤተሰብ እነዚህን ይጠብቅ፤

1ኛ፤ ወር በገባ በ1ኛው ቀን የደወሉን ቁልፍ ተጭኖ ይሞክር። ልጆችም ድምፁን ሰምተው ይወቁት።

2ኛ፤ ባትሪው የሚለወጥ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ። ደወሉ በየጊዜው አንዲት አጭር ድምፅ «ጭው» እያደረገ ከሰነበተ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪዬ አለቀ ማለቱ ነው። ድምፁ ሰለቸን ብሎ መንቀል ሳይሆን መለወጥ ይገባል። ለ10 ዓመት ታሽጎ የተሠራ ባትሪ ያለው ደወልም አለ፤ የእርሱ ባትሪ ባይለወጥም በየወሩ መሞከሩ አይቀርም።

3ኛ፤ ቡና ሲቆላ መስኮት ይከፈት፤ የምድጃው አየር ማውጫ ይሥራ። ደወሉም ሲሰቀል ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ በመኝታ ቤቱና በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ይሁን። ለቡና ሲባል ባትሪ አይነቀል።

4ኛ፤ አቧራው ይጠረግ፤ ቀለም አይቀባበት።

5ኛ፤ ደወልም ያረጃል። የተሠራበት ቀን በጀርባው ተጽፏል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ሲሞላው በአዲስ ይለወጥ።

6ኛ፤ ተራው የጢስ ደወል የከሰልን መርዝ አያውቅም። ለካርቦን ሞኖክሳይድ የተሠራ ሌላ ደወል፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ የሚያውቅ ደወል ያስፈልጋል። ቢኖርም እንኳ በተዘጋ ቤት ከሰል አይነድ።

7ኛ፤ ደወሉ ሌሊት ሲጮኽ ዕቃ ሳይፈልጉ፣ ልብስ ሳይመርጡ ወዲያው መውጣት ነው።

ደወል የሌለበት ቤት ማን ይጠብቀዋል?

በየቀኑ እንጨትና ኩበት በሚነድበት ቤት ይህ ደወል ቢሰቀል፣ ጧትና ማታ ሲጮኽ ይውል ነበር። ባለቤቲቱም ሰልችቷት ታወርደው ነበር። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቤት የሚስማማው ጠባቂ የማታ ሥርዓት ነው። እሳት ከተነሣ በኋላ የሚቀሰቅሰን ካጣን፣ ከመተኛታችን በፊት እሳቱን እናስተኛው።

ቤተሰቡ መኝታ ከመያዙ በፊት አንድ ሰው ቤቱን ዞሮ እነዚህን 8 ነገሮች ይመልከት፤

1ኛ፤ ምድጃው። እሳት መዳፈን የእናቶቻችን ልማድ ነው። የሚዳፈነው ፍም በአመድ በደንብ ይሸፈን፤ ገል ወይም አሮጌ ምጣድ ይደፋበት። በጉልቻው ዙሪያ ያለው ጭራሮና ገለባ ይጠረግ። የተዳፈነ ፍምም መርዙን ማውጣቱን ስለማይተው፣ ማድ ቤቱ ከመኝታው የተለየ ቢሆን ይሻላል። የተለየ ማድ ቤት ከሌለ ፍሙ በውሃ ቢጠፋ ይመረጣል፤ ለጧት ክብሪት ይበቃል።

2ኛ፤ ማንደጃው። ከቤት ይውጣ። ከሣር ክዳኑና ከጭድ ክምሩ ርቆ፣ ነፋስ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ።

3ኛ፤ መብራቱ። ኩራዝ፣ ሻማና ጧፍ ከመተኛት በፊት ይጥፉ። በምሰሶ ላይ አይለጠፉ፤ በአልጋ አጠገብ አይቀመጡ። የወባ አጎበር እሳት ከነካው በቅጽበት ይያያዛል። አቅም ያለው ቤተሰብ ኩራዙን ትቶ በፀሐይ የሚሠራውን መብራት ቢይዝ፣ ከጢሱም ከእሳቱም ይድናል።

4ኛ፤ ነጭ ጋዙ። ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። በለስላሳ ጠርሙስ አይደረግ፤ ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። በሚነድ ኩራዝ ላይ ነጭ ጋዝ ከቶ አይጨመር።

5ኛ፤ አመዱ። ከላይ የበረደ የሚመስል ረመጥ በሆዱ ፍም ይዞ ያድራል። በግቢ ውስጥ የተደፋ ረመጥ ባዶ እግሩን የሚሮጠውን ሕፃን ያቃጥለዋል፤ ነፋስ ሲነሣም ብልጭታውን ወደ ክዳን ይወስደዋል። ስለዚህ ውሃ ተርከፍክፎበት በጉድጓድ ይደፋ።

6ኛ፤ በሩ። መውጫው በዕንጨት፣ በሞፈርና በጆንያ አይዘጋ። ጥጃም በደጃፉ ላይ አይታሰር። መቀርቀሪያው ልጅ ሊከፍተው የሚችል ይሁን። ቁልፍ ካለውም ቁልፉ ሁሉም በሚያውቀው በአንድ ስፍራ ይንጠልጠል።

7ኛ፤ ውሃው። አንድ ጀሪካን ወይም እንስራ ውሃ፣ አንድ ጣሳም ደረቅ አፈር በደጅ አጠገብ ይደር። የተቀጣጠለ ነጭ ጋዝ በውሃ አይጠፋም፤ ይበተናል እንጂ። እርሱን በአፈር ማፈን ነው።

8ኛ፤ ሰዎቹ። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከምድጃው ርቀው ይተኙ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቀንም ቢሆን በእሳት ዳር ብቻውን አይተው።

ይህ ሁሉ ብዙ ይመስላል እንጂ ሲለመድ ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይቆይም።

የቤቱንም ጠባቂ እንሞክረው

ደወሉ በየወሩ እንደሚሞከር፣ የቤታችንም ሥርዓት መሞከር አለበት።

አስቀድሞ ቤቱን የሚዞረው ሰው ማን ነው? በብዙ ቤት እናት ብቻ ናት። እናት ስትታመም፣ ስትወልድ ወይም ለልቅሶ ሌላ አገር ስታድር ግን ማን ይዞራል? ባትሪው እንደ ተነቀለ ደወል ቤቱ ያለ ጠባቂ ያድራል። ስለዚህ አባትም፣ ታላቂቱ ልጅም፣ ታላቁ ልጅም ሥራውን ይወቁት፤ ሳምንት ሳምንት ይፈራረቁበት። እሳት የሴት ሥራ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ቤቱ የሁሉም ነውና።

ቀጥሎም በወር አንድ ቀን፣ በብርሃን፣ መውጣትን እንለማመድ። አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ይጩህ። ሁሉም ወጥቶ አስቀድሞ በተወሰነው ስፍራ፣ ለምሳሌ በግራሩ ሥር ወይም በአጥሩ በር፣ ይሰብሰብ። እዚያ እንቆጣጠር። ሕፃኑን የሚይዘው ማን ነው? አያትን የሚደግፋቸው ማን ነው? ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ በዚያች ሰዓት ሁሉም «እገሌ ይዞታል» ብሎ ይወጣል፤ ሕፃኑም በቤት ይቀራል። ለልጆች ይህ ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው፤ በጨዋታ የተማሩትን አይረሱትም።

እሳት ቢነሣስ?

አስቀድመን እንጩህ። ኡኡታ የገጠር ደወል ነው፤ ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ይቀሰቅሳል። ጢስ ከላይ ስለሚሞላ ጎንበስ ብለን፣ ቢበዛም ተንፏቀን እንውጣ። ልጆች ሲፈሩ ከአልጋ ሥር ወይም በጓዳ ይደበቃሉና በስማቸው እየጠራን እናውጣቸው። የሣር ክዳን አንድ ጊዜ ከተያያዘ በጣሳ ውሃ አይመለስም። ለእህልም፣ ለሣጥንም፣ ለከብትም ተብሎ ወደሚነድ ቤት አይገባም። ቤት ይሠራል፤ እህል ይዘራል፤ ሰው ግን አይተካም።

ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ነፋስ እሳቱን ያብስበታል። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ ሌላው ሰው ደግሞ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጎ ያፍነው። የተቃጠለው ገላ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበት፤ ሕፃን ከሆነ ሌላው ገላው በብርድ እንዳይጎዳ ይሸፈን። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ዕንቁላል፣ ጭቃና የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ቁስሉን ያመረቅዛሉና። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ለመከለስ የሚሆኑ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ማንበብ የሚችል ልጅ ለቤተሰቡ ያንብብ፤ ሁሉም በየተራ ይመልስ።

1. ጢስ የተኛን ሰው የማይቀሰቅሰው ለምንድን ነው?
2. ጢስ የሌለው የከሰል ፍም ለምን ይገድላል? ምልክቶቹስ ምን ምን ናቸው?
3. በአራስ ቤት ማንደጃ ማሳደር ለምን አይገባም?
4. ደወል ተሰቅሎ ሳለ ሳይጮኽ የሚቀረው ለምንድን ነው?
5. ከመኝታ በፊት የሚታዩት 8 ነገሮች የትኞቹ ናቸው?
6. በእኛ ቤት እሳት ቢነሣ የምንሰበሰበው የት ነው? ሕፃኑን የሚይዘውስ ማን ነው?

ስድስተኛውን ጥያቄ ቤተሰቡ ወዲያው ካልመለሰው፣ ዛሬ ማታ ሳይተኛ ይወስን። በቤቱ ውስጥ በውጭ አገር ወይም በከተማ የሚኖር ልጅ ያላት እናት ብትኖር፣ ስልክ ሲደወል ከጤንነቱ ቀጥላ «የጢሱን ደወል በዚህ ወር ሞከርከው ወይ ልጄ?» ብላ ትጠይቀው። እርሱም መልሶ «እማዬ፣ ማንደጃው ወጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃት። እንዲህ ከሆነ በሁለቱም ቤት ጠባቂው በስፍራው አለ ማለት ነው።